ሁለተኛው «እንዴት ነሽ»

አሶሳ ውስጥ በሚደረግ ስብሰባ ሁሉ ዐርዋ አለች። ራሷ አትመጣም፤ ማን ጠርቷት። ስሟ ግን አይቀርም። አቶ ደባልቄ መነጽሩን ያወልቃል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ከዚያ ስለ አንዲት ምስኪን የበርታ እናት ማውራት ይጀምራል። ባሏ ሞቷል፣ ትከሻዋ ተጎድቷል፣ ማንጎዋ ደርቋል፤ «እንዴት ነሽ» ሲሏት ግን መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አልሐምዱሊላህ። መነጽሩን መልሶ ያጠልቃል። «እኛ ግን» ይላል ቀጥሎ፣ «አበል ዘገየ ብለን እናጉረመርማለን።» ተሰብሳቢው በሐዘኔታ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ምሳ ይበላል።

ደባልቄ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ በገጠር የሚሠሩ ፕሮጀክቶችን የሚከታተል ኃላፊ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ከክፉ ሰው ጋር መጣላት ይቀላል። እሁድ እሁድ ያስቀድሳል፣ ጾም አይሽርም፣ «ተመስገን» ከአፉ አይለይም። ሚስቱ ሸዋሉል በአሶሳ ሙቀት ባማረረች ቁጥር «ዐርዋን አስቢ» ይላታል። ሸዋሉል ዐርዋን በዓይኗ አይታት አታውቅም። ግን አጥብቃ ትጠላታለች። እኔ አልፈርድባትም።

አሁን ከስብሰባው እንውጣና ሴትየዋ ዘንድ እንሂድ። ሩቅ አይደለም፤ ከአሶሳ ወደ ሸርቆሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሚኒባሶቹ ጎማ ለማየትም ሽንት ለመሽናትም የሚቆሙበት አንድ ጥላ አለ። ዐርዋ እዚያ ሥር የማሽላ ገንፎ ከባምያ ወጥ ጋር ትሸጣለች። ከስደተኞች መጠለያ ወደ ከተማ የሚሄደውም፣ ከከተማ ወደ መጠለያው ለሥራ የሚሄደውም፣ ነጋዴውም አስተማሪውም እሷ ፊት ቁጢጥ ብሎ ይበላል። የዕርዳታ ድርጅት መኪኖች ግን አይቆሙም፤ እነሱ ውስጥ ያሉት ስለ ረሀብ የሚያጠኑ ናቸውና ይቸኩላሉ።

የገንፎው ዱቄት ከየት ይመጣል? ከትከሻዋ። መንደሩ ውስጥ ወፍጮ ቤት አልነበረም። አሶሳ አለ፤ ግን ማሽላ ጭኖ ሄዶ፣ ወረፋ ይዞ፣ አስፈጭቶ መመለስ አንድ ቀን ሙሉ ይበላል፤ በዚያ ቀን ደግሞ ገንፎ የለም። ስለዚህ ዐርዋ እንደ እናቷ፣ እንደ እናቷም እናት፣ ድንጋዩ ላይ ተንበርክካ መጁን ወደፊት ወደኋላ ትገፋ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚያ ነው የኖረችው። ልጇን ዓኢሻን ያሳደገችው፣ የዳረችውም በዚያ ነው።

አካባቢውን የሚያውቅ ማንጎዎቹን ያስታውሳል። ነጩ ተባይ ገባባቸውና ቅጠላቸው ዱቄት እንደተነሰነሰበት ሆነ፤ ቅርንጫፎቹም ደረቁ። ዐርዋ ከጓሮዋ ማንጎ አንዱን ደረቅ ቅርንጫፍ ለማገዶ ስትጎትት ከላይ ያለው ሌላኛው ተሰብሮ ቀኝ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ጤና ጣቢያ ሄደች። የሕመም ማስታገሻ ሰጧትና እረፍት አዘዙላት። ይህን ያዘዘው ባለሙያ እረፍቱ የትኛው ፋርማሲ እንደሚሸጥ አልነገራትም።

ሲነጋ ለሱብሒ ሶላት ቆመች። እጇን ወደ ጆሮዋ ልታነሳ ስትል ግራው ተነሳ፣ ቀኙ አልታዘዘም። ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ይህን ማንም ስብሰባ ላይ አያወራውም፤ ለምሳሌነት አይመችም። ያለቀሰችው ስለ ሕመሙ አልነበረም፤ በግማሽ እጅ የተጀመረ ሶላት ይደርሳል ወይ ብላ ነው። ከዚያ በግራዋ ብቻ ጀመረችና ጨረሰች። ስትጨርስ ውስጧ ቀሎ አገኘችው። የመንደሩ ሰው ነኝና ለምን እንደሆነ ጠይቄያት ነበር። እኔ ትዕግሥት የሌለኝ ሰው ስለሆንኩ ጥያቄዬ ክስ ይመስል ነበር፤ ምኑ ነው የሚያስመሰግነው? አልኳት። በበርታ ቋንቋ የመለሰችልኝን እንዲህ ብዬ ልመልሰው፦ «ሳላመሰግን የዋልኩበት ቀን አለ። ማሽላው ያው ነው፣ ድንጋዩም ያው ነው። በዚያ ቀን የደቀቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።»

ከዚህ በላይ አላብራራችም።

ማመስገን ግን ትከሻ አይጠግንም። በግራ እጇ መጁን እየገፋች፣ ቀኙን እንደ ዕቃ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በፊት በአንድ ጠዋት ታዘጋጅ የነበረውን ዱቄት ቀኑን ሙሉ ትለፋበት ጀመር። ገንፎው አነሰ፤ ደንበኛው ዞር አለ። ባምባሲ ያገባችው ልጇ ዓኢሻ መጣችና ነገሩን አየች። ክረምቱ ሲገባ ባጃጅ ይዛ መጥታ እንደምትወስዳት ቁርጡን ነገረቻት። ዐርዋ አማቿን አትጠላውም። የምትጠላው ሰው ቤት ጥግ ተቀምጦ ሳህን መጠበቅን ነው። «እዚያ እንግዳ ነኝ» አለች። «እንግዳ ድስት አይነካም።» ዓኢሻም ያለችው አንድ ነገር ነው፤ በመንደሩ ወፍጮ መፍጨት ከጀመረ ቅሪ፣ ካልጀመረ እመጣለሁ።

እንግዲህ የዐርዋ ነገር ሁሉ በዚህ ወፍጮ ላይ ቆመ። ወፍጮው ደግሞ በአቶ ደባልቄ ላይ።

ፕሮጀክቱ መጥቷል። ቤቱ ተሠርቶ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፣ ወፍጮው ገብቷል፣ በሩ ላይ የድጋፍ ሰጪዎቹ ምልክት ተደርድሯል። የቀረ ነገር ቢኖር መብራት ነው። የከፍተኛ ኃይል መስመር በመንደሩ አናት ላይ ያልፋል። ነፋስ ሲነፍስ ሽቦው ያፏጫል። መብራቱ ወዴት እንደሚሄድ እግዜር ይወቅ፤ እኛ ዘንድ እንደማይወርድ ግን እናውቃለን። ምሰሶና ትራንስፎርመር አምጥቶ ወፍጮውን ማገናኘት የኮንትራክተሩ ሥራ ነበር። አላመጣም።

ደባልቄስ አላየም? አየ። በየጊዜው መጥቷል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ልብ ብሎ ያንብብልኝ። እዚህ አገር ሽማግሌም ሆነ አሮጊት «እንዴት ነሽ» ሲባል መጀመሪያ ለአላህ የሚገባውን ይሰጣል። አልሐምዱሊላህ፣ ኸይር ነው፣ ደህና ነው። ቤቱ እየተቃጠለም ቢሆን ይህ ይቀድማል። ከዚያ እንግዳው ይቀመጣል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ደግሞ ይጠይቃል፤ «እንዴት ነሽ ታዲያ?» ችግር የሚነገረው በዚህኛው ላይ ነው። በመጀመሪያው ላይ ችግሩን የሚዘረግፍ ሰው አላህን ዘሎ ሰው ፊት የሚያለቅስ ነው፤ ነውር ነው።

ደባልቄ ግን ተቀምጦ አያውቅም። ከመኪናው ወርዶ፣ ሞተሩ እንደተነሳ፣ «እማማ ዐርዋ፣ እንዴት ነሽ? ሥራው እንዴት ነው?» ይላል። «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። አብሮት ያለው ሙዳሲር፣ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ፣ የመንደሩ ልጅ ሆኖ ነገሩን እያወቀ «ደህና ነው እያለች ነው» ብሎ ይተረጉማል። ውሸት አልተረጎመም። ግማሽ ተረጎመ፤ ግማሽ ትርጉም ደመወዝ አያስቆርጥም። እሷ ውሃ ልታመጣ ትነሳለች። ውሃውን ይዛ ስትመለስ አቧራውን ታገኛለች። ቢሮ ሲደርስ ኅብረተሰቡ በፕሮጀክቱ ደስተኛ ነው ተብሎ ይጻፋል።

ዝናቡ ሊጀምር ጥቂት ሲቀረው የርክክብ ቀን ተቆረጠ። ርክክብ ማለት ኮንትራክተሩ «ጨረስኩ» የሚልበት፣ መንግሥት «ተቀበልኩ» ብሎ የሚፈርምበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ተመልሶ አይመጣም። ዐርዋ ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ይህን ግን ታውቃለች፤ ከመንደሩ በታች በጭብጨባ የተረከቡት የከብት ማጠጫ ገንዳ አለና። ውሃ ገብቶበት አያውቅም፤ ፍየሎች ይተኙበታል።

ሙዳሲር ቤቷ መጥቶ ደስ የሚል ዜና አለኝ አላት። በርክክቡ በዓል ላይ ኅብረተሰቡን ወክላ ምስጋና እንድታቀርብ የተመረጠችው እሷ ናት። ደባልቄ ራሱ ነው የመረጣት። ሙዳሲር ቅደም ተከተሉንም አስጠናት፤ መጀመሪያ ቢሮውን፣ ከዚያ ክልሉን፣ ከዚያ ድጋፍ ሰጪዎቹን። መብራቱስ? ስትለው፣ «መብራቱ ይመጣል፣ አንቺ አመስግኚ ብቻ» አላት። እሷም ካልመጣስ አለችው። ያን ቀን ብናሳፍራቸው ሌላ ፕሮጀክት አይሰጡንም፣ መንደሩ በሙሉ አንቺን ነው የሚወቅሰው አላት። ይህ ደግሞ ውሸት አልነበረም።

ቀኑ ደረሰ። ድንኳን ተተከለ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፣ የታሸገ ውሃ ለእንግዶች፣ የጉድጓድ ውሃ ለባለቤቶች ቀረበ። ጠዋት አንድ አይሱዙ ጀነሬተር ጭኖ መጥቶ ከወፍጮ ቤቱ ኋላ አራገፈ። ሰዎቹ በቀርከሃ ምንጣፍ ሸፈኑት። ድምፁ እንዳይሰማ ደግሞ ሙዚቃው ተከፈተ፤ የድምፅ ማጉያው ከልክ በላይ ጮኸ፤ ደስታ ብዙ ነው ተባለ። ርክክቡን የምትፈርመው ከክልል የመጣችው ወይዘሮ ሀዊ ነች፤ የባምባሲ ልጅ፣ ቁጥብ ሴት። ሪባኑን ቆረጠች፣ አዝራሩ ተጫነ፣ ወፍጮው አገሳ። የመጀመሪያው ዱቄት ሲወርድ የመንደሩ ሴቶች እልል አሉ። እልልታው የእውነት ነበር፤ ይህ ነው የሚያናድደኝ።

ከዚያ ዐርዋ ተጠራች። ሙዳሲር ሊተረጉም አጠገቧ ቆመ። በእጇ ገፋ አደረገችውና ማይክሮፎኑን በግራዋ ያዘች።

«እኔ አማርኛ ትንሽ ነው» አለች። «ግን ራሴ ይናገራል።»

ደባልቄ ስልኩን አወጣና መቅረጽ ጀመረ። መጀመሪያ በዐረብኛ አመሰገነች፣ ነቢዩ ላይ ሶለዋት አወረደች፣ ከዚያ ወደ አማርኛዋ መጣች። «ባሌ ሞተ። አልሐምዱሊላህ፤ ቤቱ ውስጥ ሞተ፣ ልጁ እጁን ይዟል። ማንጎ ደረቀ። አልሐምዱሊላህ፤ ማሽላ አልደረቀም። ትከሻ ተሰበረ። አልሐምዱሊላህ፤ ግራ አለ።» ከእንግዶቹ አንዷ ዓይኗን ጠረገች። ደባልቄ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው፤ ለሚቀጥሉት ስብሰባዎች ሁሉ የሚበቃ ቀለብ እያገኘ ነበር። ግን የቢሮው ስም አልተነሳም። ጠጋ አለና «ቢሮውንም እናቴ፣ ቢሮውን አትርሺ» አላት። ማይክሮፎኑ ይህንንም ለሕዝቡ አደረሰ። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ።

«ሐምድ ለአላህ ነው» አለችው፣ እንደማስተማር አድርጋ። «ለሰው ሹክር ነው፤ ውለታ ማመስገን። ሹክር ደግሞ ሥራ ሲያልቅ ነው።» ከዚያ ዞር ብላ ፊት ለፊት አየችው። «አሁን ጠይቀኝ።»

«ምን ልጠይቅሽ?»

«እንዴት ነሽ፣ በል።»

ሳቅ አለና ጠየቃት። አልሐምዱሊላህ አለች። እሱም ማጨብጨብ ጀመረ፤ እንግዶቹም ተከተሉት። ጭብጨባው ሲያልቅ እሷ እዚያው ቆማለች።

«አንዴ ደግሞ ጠይቅ» አለች። «አንተ ሁልጊዜ አንዴ ይጠይቃል፣ ይሄዳል። እኔ ገና አልተናገረም።»

ደባልቄ ሙዳሲርን አየ። ሙዳሲር ጫማውን አየ። ከተመደበ ጀምሮ ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ሲኖር፣ ምስጋናው የመልሱ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑን የነገረው ሰው የለም። እሱም አልጠየቀም። ወይዘሮ ሀዊ ከወንበሯ ተነስታ መጣችና ከዐርዋ አጠገብ ባለው የሙዚቃ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። የታሸገውን ውሃ ከፍታ ጠጣች። ባምባሲ ያደገች ሰው ናት፤ ነገሩ የገባት ይመስለኛል።

«እንዴት ነሽ ታዲያ፣ እናቴ?» አለቻት።

ዐርዋ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ትከሻ ያመኛል። ድንጋይ መግፋት አልቻለም። ወፍጮ ዛሬ ይፈጫል፣ ነገ አይፈጭም። ጀነሬተር ከኋላ ነው፣ ምንጣፍ ለብሷል። ማታ መኪና ይመጣል፣ ይወስዳል። አንቺ ፈረመ፣ ሁሉም ሄደ። እኔ ክረምት ሲገባ ቤቴን ዘግቶ ልጄ ቤት ይቀመጣል። ይኸው ነው።»

ሀዊ ተነስታ ወደ ቤቱ ኋላ ሄደች። ኮንትራክተሩ ከኋላዋ እየሮጠ ለመጠባበቂያ የመጣ ነው ይላት ነበር። ምንጣፉን በጫማዋ ጫፍ ገለጥ አድርጋ አየችና ተመለሰች። ብዕሩ ቀረበላት። መብራቱ ሲገባ ጥሩኝ አለችና መኪናዋ ውስጥ ገባች። ለበዓሉ የተዘጋጀው ለስላሳ ሳይከፈት ቀረ።

ደባልቄ ሰው ሲበተን ዐርዋን ጠብቆ አገኛት። የተናደደ ሳይሆን የተከዳ ሰው ፊት ነበረው። ስንት ቦታ ስለ እሷ እንዳወራ፣ ስንቱ ሰው በእሷ እንደተማረ ነገራት። «እኔ እኮ አመስጋኝ ሴት ናት ብዬ ነበር» አላት።

«አመስጋኝ ነው እኔ» አለችው። «ሞኝ አይደለም።»

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባላችሁ። ድል ነው፣ ጭብጨባ ነው። ነገር ግን ጀነሬተሩ በዚያው ማታ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ሄደ። ከሄደ በኋላ መንደሩ ፊቱን ያዞረው በሀዊ ላይ አይደለም፣ በኮንትራክተሩም ላይ አይደለም፤ በዐርዋ ላይ ነው። ጠዋት እልል ያሉት ሴቶች ውሃ ሲቀዱ ገለል አሉባት። ዝም ብትል ኖሮ ቢያንስ ወፍጮው የእኛ ይሆን ነበር አሉ። ያለ መብራት ወፍጮው ምን ያደርግላችኋል? ብዬ አንዷን ጠይቄ፣ አንተ አርፈህ ተቀመጥ ተብያለሁ። ሙዳሲር ሰላምታውን በሩቁ ያደርገው ጀመር።

ዝናቡም ጀመረ። ሚኒባሶቹ በጭቃው ጥላው ሥር መቆም ተዉ። ዐርዋ በግራ እጇ የምትፈጨው አንድ ድስት ገንፎ ሲሞላ፣ የሚበላው ሲጠፋ፣ ለጎረቤት ልጆች ስታድል ሰነበተች፤ እናቶቻቸው የሚያኮርፏት ልጆች ናቸው። ዓኢሻ ደውላ የምትመጣበትን ቀን ቆረጠች። ዐርዋ አልተከራከረችም። ዕቃዋን ግን አልሰበሰበችም።

ያን ሰሞን ነው እምነቷን ያየሁት። ድንኳኑ ውስጥ ያቀረበችው ምስጋና ማይክሮፎን ነበረው፣ ስልክ ነበረው፣ የሚያለቅስ እንግዳ ነበረው። በዚያ ማመስገን እኔንም አያቅተኝም። አሁን ግን የሚቀርጽ የለም። ልክ ሠርታ ሰው ጠልቷታል። እንዲህ ባለ ጊዜ እኔ ብሆን ደባልቄን እንደ ስድብ ቃል እጠራው ነበር። እሷ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ቆየት ብላ የምታመሰግነውን ሰማሁ፤ ሀዊ ሁለተኛውን ጥያቄ ስለጠየቀቻት ነው። አንድ ሰው ተቀምጦ ጠየቀኝ ብላ። ከመንግሥትም ከኮንትራክተርም ያገኘችው ነገር ይህ ብቻ ነበር፤ ይህንኑ ወስዳ ለአላህ አቀረበችው። ስለ ሌላው ግን ዝም አላለችም። ሙዳሲር ባለፈ ቁጥር ምሰሶው የት ደረሰ ትለዋለች። ሰላምታ ሲያስቀር መንገድ ላይ ቆማ ትጠይቀዋለች። ምስጋናና ንዝነዛ በአንድ አፍ እንዴት እንደሚኖሩ ማየት የሚፈልግ ወደዚያ ይሂድ።

ምሰሶው መጣ። ፍትሕ አሸነፈ እንዳትሉኝ፤ ኮንትራክተሩ ሀዊ ካልፈረመች ሥራው እንደማያልቅለት ገብቶት ነው። በዝናብ፣ በጭቃ፣ ሠራተኞቹን እየተሳደበ ተከለው። ትራንስፎርመሩ ተሰቀለ። ወፍጮው ሲያገሳ ሙዚቃ አልነበረም፤ ድንኳንም አልነበረም። ሀዊ ዝናብ ልብስ ለብሳ መጥታ፣ ሁለት ቁና ሲፈጭ ቆማ አይታ ፈረመች። ደባልቄ አብሯት መጥቶ ነበር። በሩ ላይ ቆም ቆም አለ። ዐርዋ ግን ወረፋ ላይ ስለነበረች አላየችውም። አይታው ይሆናል፤ አልጠየቅኳትም።

ዓኢሻ የመጣችው በማግስቱ ነው። ባምባሲ ያለ ሰው ይህን ወሬ ገና አልሰማም። ባጃጁን ከነሹፌሩ ይዛ፣ ሸራ ይዛ፣ ገመድ ይዛ መጣች። ቤቱ ተዘግቷል። ጎረቤቷን ብትጠይቅ፣ ያቺው ስታኮርፍ የከረመችው ጎረቤት፣ በአገጯ ወደ ሰማያዊው ቤት አሳየቻት። ዐርዋ እዚያ ከአንዲት ሴት ጋር ስትጨቃጨቅ አገኘቻት፤ ሴትየዋ ወረፋ ሰብራ ልትገባ ሞክራ ነበር። ቀኝ እጇ በሻሽ አንገቷ ላይ ታስሯል፤ በግራዋ የሴትየዋን ቁና ወደ ኋላ እየገፋች ነው።

«ዩማ» አለች ዓኢሻ እናቷን ጠርታ፣ «ልወስድሽ ነው የመጣሁት።»

እናትየዋ ዞር ብላ ልጇን አላየቻትም፤ ባጃጁን ነው ያየችው።

«ባዶ ነው?»

«ለዕቃሽ ነው።»

«ጥሩ» አለች ዐርዋ። «ቁልፉ ይኸው። ማሽላው ከበሩ ኋላ ነው፤ እኔ ወረፋዬን ልቀቅ እንዴ? ሂጂ ጭነሽ አምጪው።»

ሹፌሩ በዚህ መንገድ አልተስማማንም ብሎ አጉረመረመ። ዓኢሻ እናቷን አየች፣ ወፍጮውን ሰማች። ከዚያ ገመዱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ቤቱ አቀናች፤ ማሽላውን ለመጫን።